ዘፋኝ ልንጠይቅ በሽምግልና

በንጉሡ ዘመን ሙዚቀኛ ማለት የመንግሥት ሰው ማለት ነበር። ሳክስፎን የሚነፋው የወታደር ወይም የፖሊስ ልብስ ለብሶ ነው፤ ያልለበሰውም የቴአትር ቤት ደመወዝተኛ ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ በራሱ የቆመ ባንድ አስተዳድራለሁ ብሎ ሲነሳ ፒያሳ ሳቀችበት። የዘፈን ሸክላና የራዲዮ ባትሪ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አንድ ጧት በሯ ላይ «ማናጀር» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ሁለት ደንበኞች «ማናጀሩ ስንት ነው?» ብለው ሲገቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባንዱ አኮርዲዮን፣ ሳክስፎንና ከበሮ ነበረው። ተጫዋቾቹ ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የወጡት አንዱ በጡረታ፣ ሁለቱ በኩርፊያ ነው። የጎደላቸው ዘፋኝ ነበር። ከቸርችል ጎዳና ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶች ዳንስ ጀምሮ ኖሮ ባለቤቱ፣ «ዘፋኝ ካላችሁ የፊታችን ቅዳሜ ልሞክራችሁ፤ ከሌላችሁ ሌላ ባንድ አለኝ» አላቸው። ጓደኛዬ ይህች ቅዳሜ ካመለጠችው ጽሑፉን ልጦ ወደ ባትሪው እንደሚመለስ ለእኔ ብቻ በምስጢር ነገረኝ። ያንኑ ምስጢር በዚያው ቀን ሌሎች አራት ሰዎች ነገሩኝ።

ዘፋኙን ያገኘው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ ጨርቅ ቤት ነው። የነጋዴው ልጅ ሃያ ዓመት ያለፈው ሲሆን አቡጀዲ እየለካ ያንጎራጉራል። አንዳንድ ሴቶች የተለካላቸውን እንደገና ያስለኩት ነበር። ልጁ ተጠይቆ፣ «እኔ እሺ ነኝ፤ አባቴን ግን እናንተ ጠይቁልኝ» አለ። አባቱ ደግሞ ዘፈን ሌላ ስሙ አዝማሪነት ነው፣ ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም ባይ ነበሩ።

ጓደኛዬ ሽማግሌ ላከባቸው። የተላክነው ሁለት ነን። እኔ የተመረጥኩት ደህና ኮት ስላለኝና ጋዜጠኛ ሆኜ ስሜ ጋዜጣ ላይ ስለሚወጣ ነው። ሌላው የአፍንጮ በር ሰው ናቸው፤ ብዙ ጋብቻ ያስማሙ፣ ጢማቸው ብቻውን ግማሹን ጉዳይ የሚጨርስ አዛውንት። ችግሩ የሚያውቁት ንግግር የጋብቻውን ብቻ መሆኑ ነው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነጋዴው ቤት ሄደን እንደ ደንቡ በር ላይ ቆምን።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ ነጋዴው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አዛውንቱ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን መጥተናል። ልጃችን ከደህና ቤት ነው፤ ጓዳው ሙሉ ነው፤ ጠጪ አይደለም...»

«ሆቴሉ ነው የማይጠጣው?» አሉ ነጋዴው። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡ። «ቢጠጣም አይሰክርም።»

«ሰባት ቤቱስ ተቆጥሯል? የማን ልጅ ነው ሆቴሉ?»

«እሱን እናጣራለን» አልኩ፣ ከሥራ ልማድ።

«በሉ እንግዲህ አጣሩና ከሰንበት በኋላ ተመለሱ።»

ጓደኛዬ አጥሩ ጥግ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አዛውንቱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ደስ ይበልህ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ነው።»

«አባባ፣ ዳንሱ እኮ ቅዳሜ ነው!»

«ይሁና! እኔ አንዲቱን ልጅ ስድስት ወር ተመላልሼ ነው ያመጣኋት።»

«እሷን ሳክስፎን አይጠብቃትማ!»

በማግስቱ ጓደኛዬ ራሱ ወደ ጨርቅ ቤቱ ገሰገሰ። አዛውንቱ ይህን ነውር አላይም ብለው ቤታቸው ቀሩ፤ እኔ ላስቆመው ተከትዬው ብወጣም የደረስኩበት ባንኮኒው ፊት ቆሞ ነው። ልጁ ከአባቱ ኋላ ጣቃ ይጠቀልላል።

«ምነው፣ ሙሽራው ራሱ መጣ?» አሉ ነጋዴው።

«ጋሼ፣ እኔ ማናጀር ነኝ።»

«ማናጀር ደግሞ ምን ይሠራል?»

ጓደኛዬ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ደረቱን ነፋ። «ለዘፋኙ ሥራ ይፈልግለታል፤ ከክፉ ይጠብቀዋል፤ ሰው ሲጎድል ቦታ ይሞላል።»

ነጋዴው ወደ ልጃቸው ዞሩ። አሁን አይቀልዱም ነበር። «አዝማሪው መጣ ሲሉህ ምን ትላቸዋለህ?»

«አዎ መጣሁ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነኝ እላቸዋለሁ» አለ ልጁ። «አላፍርም፤ እርስዎንም አላሳፍርም።»

አባትየው የተጠቀለለውን ጣቃ ፈቱና እንደገና ራሳቸው ጠቀለሉት። «ይሂድ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቅዳሜ ገበያ ነው። እሱ ሲሄድ እዚህ ሰው ይጎድላል።» ጓደኛዬን አዩት። «አንተ ትለካለህ።»

«እኔ?»

«ማናጀሩ ማን ነው ታዲያ?»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ልጁ ወደ ሆቴሉ ሲወጣ ጓደኛዬ በአዲስ ሱፍና በከረባት ባንኮኒው ኋላ ገባ። እኔን ሁሉን አይቼ እንድነግረው ላከኝ። አመሻሽ ላይ ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ሱፉ የጥጥ ብናኝ ለብሷል፤ አንዲት ሴት ክንድ አጉድለህብኛል ብላ ይዛዋለች። እሷ ስትሄድ ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኩት። አኮርዲዮኑ ከሁሉ ቀድሞ ጀምሮ ከሁሉ ኋላ ጨርሷል። ልጁ በሁለተኛው ዘፈን ግጥም ጠፍቶት የመጀመሪያውን ደግሞታል፤ ሰው ሁሉ ይደንስ ስለነበር ማንም አላወቀበትም። አዛውንቱ ከፊት ተቀምጠው ላገኙት ሁሉ «ልጃችን ነው» ሲሉ ውለዋል።

«ጨበጨቡ?»

«ጨበጨቡ።»

«ባለቤቱስ?»

«ከእንግዲህ ቅዳሜ የእናንተ ነው፣ በየሳምንቱ ኑ ብሏል።»

ጓደኛዬ ጮኸ። ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ ነጋዴውን አቀፋቸው። እሳቸውም ሳቅ እያሉ ታቀፉለት።

«እንኳን ደስ ያለህ! እንግዲህ በሚመጣው ቅዳሜ ቀደም ብለህ ና፤ ዛሬ ጨርቁን አደበላልቀህብኛል።»

ጓደኛዬ ክንዱን አላላ። «ሁልጊዜ ቅዳሜ?»

«ሆቴሉ በየሳምንቱ አይደል ያለው?»

ወደ እኔ ዞረ፤ ዜናው እንዲታረምለት የፈለገ ይመስል ነበር። «በደንብ ሰምተኸዋል?»

«ቃል በቃል» አልኩት።

ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ሜትሩን አነሳ። ሁለት ሴቶች ገብተው ያ የሚዘፍነው ልጅ የት ሄደ እያሉ ነበር።