የሴሎቹ ቁርስ

እትዬ በቤተ ሙከራው ሴል ማሳደግ ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የወለዷቸውን ልጆች እንኳ እንዲህ አላቀማጠሉም እየተባሉ ይታማሉ።

አዲሱ አለቃቸው ዶክተር፣ በዕድሜ ልጃቸው ቢሆንም፣ ዓለምን ጉድ ሊያሰኝ ቆርጦ ተነስቷል። መጻሕፍቱ እንደሚሉት፣ እነዚህ ሴሎች ኮላጅን በሚባለው የቆዳና የጅማት ፕሮቲን ላይ የሚጣበቁት አንድ አገናኝ ፕሮቲን በአንድ እጁ ሴሉን፣ በሌላው ኮላጅኑን ስለሚይዝ ነው። ዶክተሩ ግን "አማላጅ አያሻቸውም!" ባይ ነው። አገናኙ ፕሮቲን ደግሞ ከደም በሚወጣው ሴረም ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ ሴሎቹ የሚዘሩባቸውን ሳህኖች ኮላጅን ብቻ አስቀብቶ፣ "እትዬ፣ ሴረም የሚባል ጠብ እንዳይልባቸው!" ብሎ አዘዘ። እትዬም እሺ አሉ፤ እሺ ማለት ምን ገዷቸው።

ጠዋት የተዘሩትን ሴሎች ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ቢያጥባቸው አንዱም ንቅንቅ አላለም። ሦስት ቀን ሞከረው፤ ሦስቴም ያው። የምርምር ጽሑፉን ለመጽሔት ላከና ኬክ ይዞ እየተፍለቀለቀ ገባ።

"እትዬ፣ ያለ አገናኝ ሙጭጭ አሉ እኮ!"

"እሰይ የኔ ልጅ! ቁርሱን የበላ መቼ ይወድቃል?"

"የምን ቁርስ?"

"ሴረሟን ነዋ! የከለከልከኝ ለቁጠባ መስሎኝ ነበር። በባዶ ሆዳቸው ሥራ ሲገቡ አንጀቴን ቢበሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጠብ አደርግላቸው ነበር።"

ዶክተሩ ቢላዋውን ኬኩ ላይ እንደሰካ ደርቆ ቀረ።

እትዬ ጠጋ ብለው ግንባሩን ዳሰሱት። "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? አንተም ቁርስ አልበላህም እንዴ?"