የጋሼ «ዳ ካፖ»

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ መቱ ውስጥ መዘምራን ሲያለማምዱ ስህተት በሰሙ ቁጥር «ዳ ካፖ!» ይሉ ነበር። «ጣሊያንኛ ነው። ካፖ ራስ ማለት ነው፤ የግንበኞች ካቦም የመጣው ከዚያው ነው። ዜማውን ከአናቱ ጀምሩ ማለቴ ነው» ይሉናል።

ቤትም ውስጥ ያው ነበሩ። አንድ ቀን ከሁሩሙ ስመጣ ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ተጣልቼ ኖሮ፣ ሰላም እንኳ ሳልል ገብቼ ዘፍ አልኩ።

«ዳ ካፖ! ውጪና እንደገና ግቢ» አሉኝ እየሳቁ።

እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ስመለስ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ገና አሁን እንዳዩኝ ሁሉ አቅፈው ሳሙኝ።

ከቀብራቸው መልስ እያለቀስኩ፣ ሰላም ሳልል ገባሁ። ወንበራቸው ባዶ ነው። ተመልሼ ወጣሁ፤ ደጃፉ ላይ እንባዬን ጠረግሁና እንደገና ገባሁ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»