ኮሚቴ መጣች

ማክሰኞ ጠዋት ከሃያ ሁለት ሰፈር ስንነሳ ዓላማችን አንድ ብቻ ነበር። ከአያት ማዶ ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት «የውሃ ችግር ተፈትቷል» የሚል ሪፖርት ደርሶናል፤ እውነት መሆኑን በዓይናችን አይተን መመለስ ነው። እውነት ከሆነ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ከዚያ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይመደባል። ተሞኝተን ከፈረምን ደግሞ ሕዝቡ ከቧንቧውም ከቦቴውም ሳይሆን ይቀራል። የወረዳውንና የሳይቱን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ በእኔ ጽሑፍ የተነሳ ማንም ሌላ ጣጣ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

እኔ መነጽር ሻጭ ነኝ። የአገልግሎት መሥሪያ ቤቶችን ሥራ የሚከታተል ቦርድ ሲቋቋም ከነጋዴው አንድ ሰው ይግባ ተባለና፣ ጎረቤቶቼ «አንተ መቼም ማየት ሥራህ ነው» እያሉ እየሳቁ መረጡኝ። ሰው ቦርዱን ኮሚቴ ነው የሚለው። አበል የለውም፤ ስብሰባ ግን በሽ በሽ ነው። ሰብሳቢያችን አቶ ታደለ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ቅን ሰው ናቸው፣ ይሉኝታቸው ግን ልክ የለውም። ሌሎቹ አባላት ስላልተመቻቸው እኔና እሳቸው ብቻ ከሹፌሩ ጋር በሚኒባስ ተነሳን።

ከመገናኛ እስከ አያት

መገናኛን ለማለፍ ያየነውን አበሳ የዚህ ከተማ ሰው ያውቀዋል፤ አልተርከውም። ጉርድ ሾላን አልፈን መንገዱ ትንሽ ከፈት ሲልልን አቶ ታደለ ስልካቸውን አወጡ።

«ናሆም፣ እንደምን አደርክ? ተነስተናል። ረፋዱ ላይ እንደርሳለን።»

ናሆም በወረዳው ጉዳዩን የያዘው ወጣት ኃላፊ ነው። ስልኩ እስኪዘጋ ጠብቄ፣ «ለምን ይነግሩታል?» አልኳቸው።

«ሰው ቤት ሳይናገሩ መሄድ ነውር ነው» አሉኝ። «ደግሞስ ቧንቧ ተሸሽጎ የት ይገባል?»

ነገሩ አላማረኝም። አያት ደርሰን ቁርስ ፉል በላን። ዋጋው ከሃያ ሁለት ረከስ ይላል፣ ቃሪያው ግን ሰው አይምርም። አቶ ታደለ እያላባቸው «ዛሬ ቶሎ እንጨርሳለን» አሉኝ።

ከአስፋልቱ ማለቂያ ወዲያ

ከአያት ወዲያ ሲዘለቅ ከተማው ገና በመሠራት ላይ ነው። አጣና የተደገፉ ፎቆች ቆመዋል፣ በመካከላቸው ደግሞ አሁንም የሚታረስ የጤፍ ማሳ አለ። አንድ ገበሬ ላሞቹን በሲሚንቶ ማቡኪያ መኪና ፊት ሲያሻግር ሹፌራችን በኦሮምኛ ሰላም ብሎ መንገድ ጠየቀው፤ ሰውዬው በዱላው ወደ ቀኝ አመለከተን። ትንሽ እንደሄድን አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። መቀመጥ አልሆነልኝም። «እናንተ ድረሱ፣ እኔ በእግሬ ልቅደም» ብዬ ወረድኩ።

ወደ ሳይቱ በር ስጠጋ ከአንዱ በረንዳ ላይ ጩኸት ሰማሁ።

«ኮሚቴ መጣች! ኮሚቴ መጣች!»

ክው አልኩ። ማን ነገራቸው? ኮቴን አስተካከልኩ፣ ፊቴንም ኮስተር አደረግሁ። በሮች ተበረገዱ፣ ሰው በየደረጃው እየተንጋጋ ወረደ። ዞር ብሎ ያየኝ ግን አንድም ሰው የለም። ሻርፕ ያደረገች አንዲት ሴት ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ ልትደፋኝ ምንም አልቀራት።

«ጋሼ ዞር ይበሉልኝ! አሳልፉኝ በአላህ!»

«እህቴ፣ ኮሚቴው የታለ?» አልኳት።

«የቱ ኮሚቴ? ውሃዋን ነው እንጂ!» አለችና ሮጣ ቧንቧው ጋ ተሰለፈች።

ተከትያት ሄድኩ። ሰዓዳ ትባላለች፤ ከብሎኩ ሥር ትንሽ ሱቅ አላት። ጀሪካኗ እስኪሞላ እየሳቀች አስረዳችኝ። እዚህ ውሃ የሚመጣው ኮሚቴ ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ የውሃው ስም ራሱ ኮሚቴ ሆኗል። ልጆቹ አፍ የፈቱት በዚሁ ነው። «ትናንት ኮሚቴ መጥታ ልብስ አጠብኩ» ይባላል። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ?

«ለመሆኑ እርስዎ ማን ጋ መጥተው ነው?» አለችኝ።

«እኔ... ኮሚቴው ነኝ» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። ጀሪካኑን አስቀምጣ በሹክሹክታ ለመነችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አላልኩም፤ አደራ። ባለፈው አንዷ ተናገረች፣ ከዚያ ወዲህ ቦቴው የእነሱን ብሎክ እየዘለለ ነው የሚሄደው። አባቴ ስትሮክ መቶት አራተኛ ፎቅ ተኝቷል። አንሶላው በየቀኑ መታጠብ አለበት። ቦቴው ከቀረብኝ ምን ይውጠኛል?»

አደራዋን ተቀበልኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እውነቱን ይዤ አፌ ተሳሰረ። ከእሷ ጋር ቆሜ ስናወራ ብዙ ሰው አይቶናልና ቃሏን ካወጣሁት ማን እንደነገረኝ ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም።

ቧንቧው ሥር

ሚኒባሳችን ሲደርስ ናሆም ቀድሞ ተቀበለን። ድንኳን ተጥሏል፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የቧንቧ ውሃ ሞልቷል ለማለት የታሸገ ውሃ መደርደሩ እሱን አልከነከነውም፤ እኔን ግን ከነከነኝ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«እንደሚያዩት ክቡር ሰብሳቢ፣ ፕሬሸሩ ራሱ ሌላ ነው። ችግሩ ከሞላ ጎደል ተቀርፏል።»

አቶ ታደለ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ወደ ነዋሪው ዞረው «ቅሬታ ያለው ሰው አለ?» አሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ተመስገን ነው» አሉና መሬት መሬት አዩ። ሰዓዳ ከኋላ ቆማ እኔን እኔን ታያለች።

«እንግዲህ በዓይናችን አይተናል» አሉ አቶ ታደለ።

ናሆም ፊቱ በራ። «ቦቴውን ከሰኞ ጀምሮ እናዛውረዋለን። አሁን ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ምሳ ተይዟል፤ መንገዱ ሳይዘጋጋ ብንነሳ?»

አቶ ታደለ ወደ መኪናው አቀኑ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ከቧንቧው አጠገብ ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆነሃል?» አሉኝ ተመልሰው።

«አቶ ታደለ፣ ሰው ቤት ሳይናገሩ መምጣት ነውር ነው ብለውኛል። ገብቶ ወዲያው ውልቅ ማለትስ?»

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እኮ ይዛባል» አለ ናሆም።

አቶ ታደለ እያንዳንዱን ሰው በየተራ አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የናሆም ስልክ ጮኸ፤ አላነሳውም። ደግሞ ጮኸ። ነዋሪው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብሎ ቆሟል። ውሃው ይወርዳል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ እኔም በሆዴ «ካልቆመስ?» እላለሁ። ካልቆመ የሰዓዳ ነገር አበቃለት። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ናሆም ፈንጠር ብሎ አነሳው፤ ድምፁን ቀነስ ቢያደርግም በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው።

«ገና አልሄዱም... ትንሽ ያዙት በናታችሁ!»

አልያዙትም። ውሃው ቀጠነ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ ቀጥ አለ። ወዲያው ከሳይቱ ሥር ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ካለ ሌላ ሳይት የሰው ሁካታና የጀሪካን ኳኳታ ተሰማ።

«ናሆም» አሉ አቶ ታደለ፣ «ምኑን ነው ያዙት ያልከው?»

ልጁ ላብ አጠመቀው። «ምን ላድርግ ክቡር ሰብሳቢ? ውሃው አንድ፣ ሳይቱ ሁለት። እዚህ ስትመጡ ማዶን እንዘጋለን፣ ማዶ ስትሄዱ እዚህን። ‹ተፈትቷል› ካላልኩ ከሥራ እባረራለሁ።» ተናድጄበት ነበር፤ ይህን ሲል ግን አሳዘነኝ።

አቶ ታደለ ቦቴው እንደማይነሳ እዚያው ሕዝቡ ፊት ተናገሩ፤ የትኛውም ብሎክ እንዳይዘለልም አስጠነቀቁ። ቀጥለውም «ከእንግዲህ ሳንናገር ነው የምንመጣው» አሉ። ይሉኝታቸውን ሲያሸንፉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ።

መኪና ውስጥ ስገባ ሰዓዳ እየሮጠች መጣች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደዚያ አያድርጉ! ሳትናገሩ ከመጣችሁ ውሃ በምን በኩል ትመጣለች? ይልቅ በየሳምንቱ እንመጣለን በሏቸው። መምጣቱ ይቅርባችሁ፣ መናገሩ ብቻ ይበቃናል።» ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋትና ተነሳን።

ወደ ቤት

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል የሚለውን ተረት ስሰማ ያደግሁ ነኝ፤ የመነጽር ነጋዴ ደግሞ ከዓይን ሌላ ምን ያምናል? ያ ጉዞ ግን ዓይን የሚያየው ተሰናድቶ የቆየለትን መሆኑን አስተማረኝ። ተቆጣጣሪ መምጣቱን ብቻ ሳይሆን ቆይቶ መሄዱንም ማወቅ አለበት።

ይህን አውቄም ቢሆን የሰዓዳ ልመና ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ለናሆም ደወልኩና «ዛሬ ብቅ እንል ይሆናል» አልኩት። ከዚያ መነጽሮቼን ስወለውል ቆየሁ። ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ኮሚቴ መጣች!» ሰዓዳ በደስታ ትጮኻለች። «የአባቴን አንሶላ እያጠብኩ ነው፣ ዕድሜ ይስጥዎ!»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወዲያው ግን ያ ከወንዙ ማዶ የሰማሁት ኳኳታ ትዝ አለኝ።

«ማዶስ?» አልኳት።

«ማዶማ... ጀሪካን ይዘው ወንዝ ሲወርዱ አየኋቸው።»

ሱቄን ዘጋሁና ወደ አያት የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ። ማዶ ልሄድ ነው፤ ለማንም አልደወልኩም።