እግር መሬት ከነካ

ዲላ ውስጥ የሞተር መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከማንም ጉቦ ተቀብዬ አላውቅም። ጓደኞቼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ጦሜን አላደርኩም። ጉቦ የማይበላ ፈታኝ ሌላ የሚበላው ነገር አያጣም፤ የእኔ ቀለብ የተፈታኝ ድንጋጤ ነበር። አሁን ሳወራው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ይጣፍጠኝ ነበር።

መፈተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ አስፋልት ዳር ያለ ሜዳ ነው። አሸዋ የሞላናቸውን ቢጫ ጀሪካኖች በስምንት ቁጥር ቅርጽ እንደረድራለን፤ ተፈታኙ በመካከላቸው ሁለት ጊዜ ይዞራል። ጀሪካን ከነካ ወደቀ። ሞተር ካጠፋ ወደቀ። እግሩ መሬት ከነካም ወደቀ። እኔ የላስቲክ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፊሽካ እነፋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ።

ሰውየው የመጡት ከላይ ከደጋው፣ ከቡሌ መንገድ ነው። ዛሬ «እሳቸው» እላለሁ፤ ያኔ ግን በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» ነበር የምላቸው። መጀመሪያ ያየኋቸው በቢሮው መስኮት ሲሆን፣ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበር። ሊብሬው በስማቸው ነው፤ ታርጋው ተመዝግቧል፤ የሦስተኛ ወገን መድን አለው፤ ቦሎውም የዓመቱ ነው። በየገጠሩ ስም ሳይዛወር በውል ወረቀት ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ሞተር ብዙ ስለሆነ፣ እንዲህ የተሟላ ሰነድ ብርቅ ነበር። የጎደላቸው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው። ለዓመታት ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዱ ኖረው በመጨረሻ ከተማው መግቢያ ላይ ትራፊክ ያዛቸው፤ ሞተራቸውም መንጃ ፈቃድ እስኪያመጡ ድረስ እኛ ግቢ ቆመ።

«ሚስቴ ታሟል» አሉኝ። «እግሩ ቆስሏል፣ ስኳር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት አመጣዋለሁ፣ ቁስሉ ይታጠባል። እኛ ሰፈር ባጃጅ አይገባም። ሞተር ከሌለ አይመጣም።»

አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው። በከተማችን አማርኛን እንዲህ አድርጎ የሚናገረው ሰው ብዙ ነው፤ ማንም አይስቅበትም። እኔ ሳቅሁ።

«ሚስትህ ወንድ ናት እንዴ?»

ከኋላቸው የተሰለፉ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች አብረውኝ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። እየተሳቀባቸው መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን ሞተሩን የሚያስፈታው የእኔ ፊርማ ስለሆነ ምን ያድርጉ!

የጽሑፉን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፉ። ልጃቸው ጥያቄዎቹን እያነበበችላቸው አንድ በአንድ በቃላቸው ይዘውት ነበር። የቀራቸው ሜዳው ብቻ ነው። በፈተናው ቀን ሞተራቸው ከተያዘ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር፤ ወንበሬ አጠገብ መጥተው ቁስሉ መሽተት መጀመሩን ነገሩኝ። ተራህን ጠብቅ አልኳቸው።

ተራቸው ሲደርስ በመፈተኛው ሞተር፣ ከሌላ ተፈታኝ በተዋሱት ሄልሜት ነዱ። የቡሌን ጭቃ በክረምት ሲነዳ ለኖረ ሰው ደረቅ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር መሥራት ጨዋታ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ያለ እንከን ጨረሱ። ሁለተኛውን አጋምሰው የመጨረሻዋ ኩርባ ስትቀር ከአስፋልቱ በኩል መዝሙር ተሰማ። ቀብር ነበር። መዘምራኑ ከፊት፣ ሬሳ ሳጥኑ በሰው ትከሻ ላይ፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆነው በሜዳችን ጥግ ያልፋሉ።

በደጋው ቀብር ያጋጠመው ሰው ፈረስ ላይ ከሆነ ይወርዳል። ሞተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሞተረኛውም ይወርዳል። ሰውየው ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰዱም። ሞተሩን አጠፉ፤ ወረዱ፤ ሄልሜታቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ያዙና አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞችም፣ እነዚያ ተማሪዎች ሳይቀሩ፣ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከሜዳው ሁሉ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳጥኑ አልፎ ሳይጨርስ ፊሽካዬን ነፋሁ። ከለቀስተኞቹ አንዳንዶቹ ዞረው አዩኝ።

«ወድቀሃል።»

«ሬሳ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ሬሳው ተፈታኝ አይደለም። ሞተር አጥፍተሃል፣ እግርህ መሬት ነክቷል።»

የቀረችዋን ኩርባ ድገም ማለት በእጄ ነበር። ዝናብ ሲመጣም፣ ላም ሜዳው ውስጥ ስትገባም አስደግሜ አውቃለሁ። የእሳቸውን ግን አላስደገምኩም። ደንቡን ብዬ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ቆመው እኔ ተቀምጬ ሰው ሁሉ አየን፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

«ቀጠሮህ ከወር በኋላ ነው» አልኳቸው።

«ወር ሙሉ ሚስቴን ማን ያወርደዋል?»

«ሰፈራችሁ ቃሬዛ የለም?»

ይህን ስል አብሮኝ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሄልሜቱን ለባለቤቱ መልሰው በእግራቸው ወደ ላይ ሄዱ።

በዚያ ወር አሰብኳቸው ብል ውሸት ነው። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር የቡሌ መንገድ ተቆረጠ ሲባል ሰምቻለሁ። ሞተራቸው ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። የዘበኛው ዶሮ መቀመጫው ላይ መተኛት ለምዳ ነበርና ባየኋት ቁጥር እስቅ ነበር። ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ከማንም ቀድመው ሜዳው ላይ ደረሱ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ደርበዋል።

«ሚስትህስ እንዴት ሆነች?» አልኳቸው፣ ቅጹን እየሞላሁ።

«ሐሙስ ቀበርነው» አሉ። «እንዳልከው በቃሬዛ አወረድነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁለቴ ወደቅን። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ።»

አማርኛቸው ያው የፊተኛው ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። እስክሪብቶዬን አንሥቼ በቅጹ ላይ ያሉትን ሣጥኖች በሙሉ፣ አንዱንም ሳላስቀር፣ አለፈ አለፈ አለፈ ብዬ ሞላሁ።

«ጨርሰናል፣ አባት። አልፈዋል። መንዳት አያስፈልግም» አልኳቸው። «እርስዎ» ያልኳቸው ያን ቀን ነው።

ወረቀቱን አዩት፤ ከዚያ ጀሪካኖቹን አዩ።

«ለፈተና ነው የመጣሁት» አሉ። «እነዳለሁ።»

ነዱ። አንድ ዙር፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሞተሩ አልጠፋም፤ ጀሪካን አልተነካም። በዚያች በመጨረሻዋ ኩርባ ላይ እንኳን እግራቸው ከመርገጫው ንቅንቅ አላለም። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ጨርሰው ፊቴ ሲደርሱ ግን ቆሜ ነበር። ወንበሬ ከኋላዬ ተገልብጧል።

ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ሄልሜቱን አውልቀው መሪው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ መቆሜን አዩና ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «አሁን የሚያልፍ ሬሳ የለም።»