ሰባት ቤት ፍለጋ በኦሃዮ ኮረብታዎች፦ ትሪንግልቢዎችን ስንቆጥር

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡00፣ ሞርስ ሮድ

ጎህ ሲቀድ ከሰፈራችን ከኖርዝላንድ ወጣን። ሰዓቱን በሐበሻ ነው የምጽፈው፤ የአሜሪካኑን የሚፈልግ ስድስት ይደምርበት። የሞርስ ሮድ ሱቆች ገና አልተከፈቱም። የሥጋ ቤቱ መብራት ብቻ በርቷል፤ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የመጋዘን ጃኬት የለበሱ ሁለት ልጆች እያዛጉ ቆመዋል። መኪናዬ ውስጥ አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ አንድ ብርድ ልብስና እትዬ አጸደ አሉ።

እትዬ አጸደ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት ለልጄ ለናታን ሠርግ ነው። ሠርጉ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነው። ወይም የለም። የዛሬው ጉዞ ይህንኑ የሚወስን ነው፤ እኔ ግን እንደ ተማሪ ቤት ሽርሽር ጮቤ እየረገጥኩ ነው፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

ጉዱ የጀመረው በመጥሪያ ካርዱ ነው። ካርዱ ላይ በወርቅማ ቀለም «ናታን ትሪንግልቢ እና ክሌር ትሪንግልቢ» ተብሎ ተጽፏል። እትዬ አጸደ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡና ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ሒሩት! ያንድ አባት ልጆች ልትድሪ ነው?»

አልፈርድባቸውም፤ በእኛ አገር ከስም ቀጥሎ የሚጻፈው አባት ነው። እኔም በእንግሊዞቹ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ሳይሆን የዘር ስም እንደሆነ፣ ባሌ ሮበርት ነፍሱን ይማረውና ያንን ስም ከቅድመ አያቶቹ እንደወረሰው አስረዳኋቸው። ነገሩን ያቃለልኩ መስሎኝ ጭራሽ አባባስኩት።

«የዘር ከሆነማ ሰባት ቤት ይቆጠራ! ሳይቆጠር እኔ አልመርቅም።»

ለወጣት አንባቢዎቼ፦ ሁለት ሰዎች እንዲጋቡ ከጋራ አያታቸው ሰባት ትውልድ መራቅ አለባቸው። ናታን መጀመሪያ በሳቅ ሞተ። እትዬ እንደማይቀልዱ ሲገባው ግን ሣቁን ዋጠ። እናቴ የለችም፣ ሮበርትም የለም፤ ልጄን የሚመርቅልኝ ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ክሌርን ደግሞ እንደ ልጄ ወድጃታለሁ። ደግሞም የተገናኙት በዚሁ ስም ነው። ሂሊያርድ ያለው መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ትሪንግልቢ የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ፣ የእሱ ኢሜይል ለእሷ እየደረሰ ተዋወቁ።

1፡40፣ ሉዊስ ሴንተር

በአንድ በኩል ያልታጨደ በቆሎ፣ በሌላ በኩል አምና የተሠሩ፣ መንትያ የሚመስሉ ግራጫ ቤቶች። በአንደኛው ደጃፍ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከረባት አስረው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ እንደ ጡብ የወፈረ ፋይል ታቅፈው ቆመዋል። የክሌር አያት ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ሲሆን ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እትዬ አጸደ ገና ሳይተዋወቁ «ጋሼ ዋልተር» አሏቸው፤ እሳቸውም ማዕረግ መሆኑ ገባቸው መሰለኝ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ክሌር ፀጉሯን እንኳ ሳታበጥር ወጥታ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከች።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። ለአርባ ዓመት ይህን ፋይል ሲያዘጋጁ ገልጦ ያየላቸው ሰው የለም።»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለጋሼ ዋልተር ስደውል ስለ ሰባት ቤት ትንፍሽ አላልኩም። «አክስቴ የዘር ታሪክ ይወዳሉ» ነው ያልኳቸው። ክሌርም ብትሆን ቀደም ብላ ከናታን ጋር ይዛመዱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ሩቅ ነው፣ አትጨነቂ» ብለዋት ነበር፤ እኛም በዚህች ቃል ተማምነን ተነሣን።

3፡15፣ ነዳጅ ማደያ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ

ከተማውን አቋርጠን ከወጣን በኋላ ሜዳው አልቆ ኮረብታው ጀመረ። ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኗል። ሁለት ቡና፣ አንድ ሻይና አራት ዶናት በአሥራ ሰባት ዶላር ገዛሁ። እትዬ ዶናቱን ቀምሰው «ቦምቦሊኖ ነው እኮ፣ መሐሉ የት ሄደ?» አሉ።

ጋሼ ዋልተር ኋላ ወንበር ላይ ካርታ ዘርግተዋል። በእያንዳንዱ ትሪንግልቢ ላይ ቀይ ነጥብ አለ፦ ኦሃዮ ውስጥ ጥቂት፣ ካናዳ ሁለት፣ አውስትራሊያ አንድ፤ እሱም ደብዳቤ አይመልስም። የስሙ ምንጭ በሰሜን እንግሊዝ የነበረች መንደር ናት። መጨረሻው ላይ ያለው «ቢ» ድሮ ባሕር ተሻግረው የሰፈሩት ሰዎች መንደርን የሚጠሩበት ቃል ነው አሉ። መንደሯ ዛሬ የለችም፤ በቦታዋ በግ ይግጥበታል።

«የሚገርመው ነገር» አሉ ድምፃቸው በደስታ እየቀጠነ፣ «እዚያው መንደር ውስጥ እያለ ትሪንግልቢ የተባለ ሰው አልነበረም! ሁሉም የዚያው ሰው ነዋ። ስሙ የወጣው ለቅቆ ለሄደው ነው። ሌላ አገር ሲደርስ የትሪንግልቢው ሰውዬ አሉት።»

ተረጎምኩላቸው። እትዬ አጸደ ጭናቸውን መቱ።

«እንደኛው ናቸዋ! መንዝ ተቀምጦ መንዜው የተባለ ማን አለ? አዲስ አበባ ሲገባ ነው እንጂ!»

ይህንን መልሼ ስተረጉም ሽማግሌው መቀመጫቸው ላይ ዘለሉ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚያቆማቸው ጠፋ። አንዱ የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ወደ ኦሃዮ ስለመጣው ቶማስ ትሪንግልቢ፣ አንዷ ከመንዝ ወጥተው ስለቀሩት አያታቸው ሲያወሩ፣ እኔ በመሐል መንገዱንም ቋንቋውንም እየነዳሁ ሁለት ጊዜ መታጠፊያ አለፈኝ። ክሌር እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። እንዲህ ያለ ደስ የሚል መንገድ ነድቼ አላውቅም።

5፡00፣ መቃብሩ

ከአንዲት ትንሽ ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ሣሩ ጤዛ አለው። ጋሼ ዋልተር እንደ ጎረምሳ ቀድመውን ወጡና የአንዱን ድንጋይ ሽበት በመሐረባቸው ጠረጉት። ቶማስ ትሪንግልቢ። ከጎኑ ሁለት ወንዶች ልጆቹ፣ ጆንና ኤድዊን።

«እዩልኝ!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «የናታን ወገን በጆን፣ የክሌር ወገን በኤድዊን! ሁለቱም እዚህ ይገናኛሉ። አንድ ቤተሰብ ናቸው!»

አርባ ዓመት የጠበቁት ቀን ስለሆነ ፊታቸው በርቷል። እኔ ግን ወደ እትዬ ዞርኩ። እትዬ አጸደ ስሞቹን ከፋይሉ አስነበቡኝና እየደጋገሙ በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ።

«ናታን፣ ሮበርት፣ ፍራንክ፣ ጆርጅ፣ ጆን፣ ቶማስ።» ስድስት። ወደ ሌላው እጅ ዞሩ። «ክሌር፣ ዴቪድ፣ ዋልተር፣ ሃሮልድ፣ ኤድዊን፣ ቶማስ።» ይኸኛውም ስድስት።

«አንድ ቤት ጎደለ» አሉና ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ምን አሉ?» አሉኝ ጋሼ ዋልተር። «አልወደዱትም?»

ክሌር እጄን ያዘችኝ። «ንገሪያቸው» አለች። ነገርኳቸው፤ ሰባቱን ቤት፣ ምርቃቱን፣ የደበቅኩትን ሁሉ። ሽማግሌው ፋይሉን ሣሩ ላይ አስቀምጠው ወደ አጥሩ ሄዱ። ሲመለሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ሃሮልድ የወለደኝ አባቴ አይደለም» አሉ። «እናቴ ለከሰል ቆፋሪዎች ምግብ ታበስል ነበር። በሦስት ዓመቴ ሞተችብኝ። ሃሮልድና ማርታ ልጅ አልነበራቸውም፤ ወሰዱኝ። ይህንን ለልጄ ለዴቪድ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ስለዚህ ክሌር ከቶማስ ዘር አይደለችም። ይጋቡ።»

ክሌር «ግራንፓ» ብላ የአያቷን እጅ ያዘች።

«ሌሎቹ ስሙን ይዘውት ተወለዱ፤ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም» አሉ። «እኔ ግን ተሰጠኝ። የተሰጠኝን ማወቅ ነበረብኝ።»

እውነቱን ልናገር፦ ሰውዬው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ፊቴ ቆመው፣ የእኔ ልብ «ሠርጉ ተረፈ!» እያለ ይጨፍራል። አፈርኩ፤ ጭፈራው ግን አልቆመም። እየቸኮልኩ ለእትዬ ተረጎምኩላቸው።

እትዬ አጸደ ከሣሩ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና ሽማግሌው ፊት ቆሙ።

«ማን አበላዎት?»

«ሃሮልድና ማርታ።»

«ማን አለበስዎት? ሲታመሙ ማን ራስጌዎ ተቀመጠ?»

«እነሱው።»

«ታዲያ ልጃቸው ነዎት! ያሳደገ ነው አባት። ይህ ምን አንገት ያስደፋል?»

ስተረጉምላቸው ጋሼ ዋልተር ቀና አሉ። እኔም በደስታ ላጨበጭብ እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው የገባኝ።

«እትዬ! እሳቸው ልጅ ከሆኑ እኮ ቆጠራው ስድስት ነው!»

እትዬ አጸደ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

7፡10፣ ከኮረብታው ግርጌ፣ ምሳ ቤት

ቀይ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የአጋዘን ቀንድ። አስተናጋጇ ሁላችንንም «ሃኒ»፣ የኔ ማር፣ ትለናለች። የፖም ፓይ፣ ቁራጩ አምስት ዶላር። ክሌር የአያቷን እጅ እንደያዘች በግራ እጇ ትበላለች፤ እሳቸውም እንድትለቃቸው አይፈልጉም። እትዬ አጸደ ሹካቸውን ያገላብጣሉ እንጂ አልቀመሱም።

«እትዬ፣ አሳደጓቸው እንጂ አልወለዷቸውም ይበሉና እንገላገል» አልኳቸው።

«በአያት በቅድመ አያታቸው መቃብር ላይ ልጅ ነዎት ብዬ፣ አሁን ፓይ እየበላሁ አይደሉም ልበል? አፌ እሺ አይለኝም።»

«ሠርጉስ?»

«ተይኝ እስቲ፣ እያሰብኩ ነው።»

አሰቡ። ፓይዬን ጨርሼ የእሳቸውን ጀመርኩ። ናታን ከሂሊያርድ ሦስት ጊዜ ቴክስት አደረገልኝ፤ ምን ብዬ ልመልስለት? አስተናጋጇ ቡና ሁለቴ ከሞላችልን በኋላ እትዬ አጸደ ሹካውን አስቀመጡና ወንበራቸውን ወደ ሽማግሌው አዞሩ።

«ጋሼ ዋልተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ከዛሬ ጀምሮ ከትሪንግልቢ ቤት ይውጡልኝ። እስከ ሠርጉ ማታ ድረስ የሰው አገር ሰው፣ እንግዳ ይሁኑ። እኔም እዚህ እንግዳ ነኝ፤ አብረን እንቀመጣለን። ልጆቹ ሲጋቡ በመካከላቸው ዝምድና የለም፤ እኔም አፌን ሞልቼ እመርቃለሁ። በማግሥቱ እሁድ ወደ አባትዎ ቤት ይመለሳሉ። ከቶማስ ጀምሬ እኔው ራሴ እቆጥርዎታለሁ።»

ይህ ሕግ በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ አልጠየቅኩም። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጋሼ ዋልተር በጥሞና ሰሙ፤ ከዚያ መሣቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ፓይው ላይ እስኪያነጥሱ ሣቁ። ክሌር ሣቀች፤ እትዬ ሣቁ፤ አስተናጋጇም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሣቀች። ሽማግሌው በመጨረሻ ዓይናቸውን ጠርገው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ እትዬ አጸደም ጨበጧቸው።

10፡20፣ ሂሊያርድ

ናታን የአፓርታማው ፓርኪንግ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ጠበቀን። ሞተሩን ሳላጠፋ መስኮቱ ላይ ደረሰ።

«ሶ፣ ማሚ? ከዝንስ ነን፣ ዘመዳሞች ማለቴ ነው፣ ወይስ ምን?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ አጸደ በሩን ከፍተው ወረዱና እልልታውን ለቀቁት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ፤ ሁለት ውሾች ጮኹ። ክሌር ከመኪናው ዘላ ናታን ላይ ተጠመጠመች። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ቀኑን ሙሉ ስስቅ የዋልኩት ሁሉ በእንባ ወጣልኝ።

ጋሼ ዋልተር ግን አልወረዱም። ከኋላ ሆነው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉ። «እሁድ ወደ አባቴ ቤት የምመለሰው በስንት ሰዓት ነው?»

እየሣቅኩ ዞር ስል ፊታቸው ላይ ሣቅ የለም። ተረጎምኩላቸው። እትዬ አጸደም አልሣቁም፤ እልልታቸውን አቁመው ወደ መኪናው ተመለሱና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ከቅዳሴ መልስ» አሏቸው። «እንዳያረፍዱብኝ።»