በረመዳን ኪሴ የከተትኳቸው ክኒኖች

ይቺን ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አላወጣኋትም። ሚስቴ አታውቃት፣ ልጆቼ አያውቋት። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ቀስ እያልኩ ልጽፋት ነው፤ አንተም አንባቢዬ፣ ሳትቸኩል ስማኝ።

የወንድሜን የሰይድን እግር ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላ ስንቆርጥ ማጭድ ባቱን ቆረጠው። ቁስሉ አመረቀዘና ሆስፒታል ተኛ፤ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። በቀን አራት ጊዜ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት። ወሩ ደግሞ ረመዳን ነው። ሰይድ ለመዋጥ ፈቃደኛ ነበር።

«አያ፣ ለበሽተኛ እኮ ተፈቅዷል፤ ሼሁም ነግረውኛል» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ያገር ሰው ከከሚሴ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር፣ ወንድሜ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሲጎነጭ ይታይብኛል ብዬ አፈርኩ።

«የታመመው እግርህ ነው፤ አፍህ መቼ ታመመ?» አልኩት።

ሳቀ። ታላቁ ነኝና እሺ አለኝ።

ከአራቱ፣ በጾም ሰዓት የሚዋጡትን ሁለቱን ክኒን ከነርሷ እየተቀበልኩ ኪሴ ከተትኩ። ዛሬም ከተትኩ፣ በማግስቱም ከተትኩ። ለአላህ ብዬ ነበር? አይደለም። ለጠያቂው ዓይን ብዬ ነው።

በሳምንቱ፣ ሊደርቅ የጀመረው ቁስል እንደገና መግል ቋጠረ። ነርሷ ለብቻዬ ጠራችኝ። ያልተዋጠ ክኒን ካለ ሳልፈራ እንድነግራት፣ ከነገርኳት ዛሬውኑ እንደሚስተካከል አስረዳችኝ፤ ለመነችኝም።

«ወላሂ፣ አንዲትም አላለፈችውም» አልኳት።

ክኒኖቹ ኪሴ ውስጥ እያሉ ማልኩ። በጾም አፌ ማልኩ።

ከዚያ ሌላ ክኒን መጣ፣ መርፌም መጣ። በኋላ ሐኪሙ መግሉን አስመርምሮ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል፣ አልሞት ብሏል አለኝ። ወደ ሌላ በሽተኛ እንዳይጋባ ሰይድን ለብቻው አስተኙት። ከዚያ በፊትስ አጠገቡ ወደተኙት ተጋብቶ ይሆን? አላውቅም፤ አላህ ያውቃል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

እንዲህ ያለ ጀርም ከሆስፒታል ውስጥም ሊያዝ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔ ግን እዚያ ወሬ ውስጥ አልደበቅም። ያን ቀን እውነቱን ተናግሬ ቢሆን፣ እግሩን ለማዳን ጊዜ ነበር። ጊዜውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሰይድ የቀኑን ክኒን መተዋችንን ያውቃል፤ ነርሷ ጠይቃኝ መማሌን ግን አያውቅም። ዛሬም ምርኩዙን ተደግፎ፣ አያ ባያስታምመኝ ሞቼ ነበር ይላል ለሰው ሁሉ። ጎረቤቱም ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው እያለ ያጽናናኛል። የምን ቀደር? አላህ ክኒንህን ዋጥ ብሎ ፈቅዶለት ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

በመጪው ጁምዓ፣ ከሰላት ስንመለስ ፊቱ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ። አፉ በለኝ እለዋለሁ። ባይለኝም አልከራከረውም።