«ሰው ሞቶ ተንፈላስሰህ ትነፋለህ?»

ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ... አሁንም ደሜ እየፈላ ነው የምጽፈው።

ዘመሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነን። ኔትወርክ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ታመው ከርመው ሌሊቱን አረፉ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ደግሞ ጥርሱን ተነቅሎ ጉንጩ አብጧል። ድሮ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋ እንደነበር ሰፈሩ ያውቃልና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቅነህ እኔን አስጠሩኝ።

«ብቻ አጎቴ ጋ ይድረስልኝ» አለችኝ የሟች ልጅ እያለቀሰች። አጎቷ ጋሽ ጥላዬ የሚኖሩት ከገደሉ ማዶ ነው። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ጥሩንባውን ካልሰሙ አንድ እህታቸውን ሳይቀብሩ ሊቀሩ ነው።

ጎህ ሲቀድ ጋሽ ወርቅነህና ለቀስተኞች ተከትለውኝ ከሰፈሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። በእንዲህ ያለ ብርድ ሰውነት ሳያስቡት ይኮማተራል። እኔ ግን ቀስ ብዬ ትከሻዬን ጣልኩ፣ መንጋጋዬን አላላሁ፣ ሆዴን ለቅቄ አየር ሞላሁ። አንገት ከታነቀ ድምፁም ይታነቃላ! ነፋሁት... ጥርት ብሎ ገደሉን ተሻገረ።

ልደግመው ስል ጋሽ ወርቅነህ በከዘራቸው ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ! ሰው ሞቶ እንዲህ ተንፈላስሰህ ትነፋለህ?»

«ጋሼ፣ ሰውነት ሲላላ ነው እኮ ድምፁ ሩቅ የሚሄደው...»

«አንድ የደም ሥር እንኳ አልተገተረብህም! ሠርግ መሰለህ? ለቀስተኛው እያየህ ነው!»

ጥሩንባውን ነጥቀው ለማን ሰጡት? ሥጋ ቤት ላለው ለበላይ! በላይ አንገቱን ወጠረ፣ ጉንጩን ነፋ፣ ዓይኑ ደም ለበሰ... የወጣው ድምፅ ግን ወፍጮ ቤቱን እንኳ አላለፈም። የታነቀ ወይፈን ይሻላል። ሴቶቹ እሱን እያዩ ደረታቸውን መቱ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ማዶ አይሰማም!» ብል ማን ሰምቶኝ።

ፍትሐቱ አልቆ፣ ሳጥኑ ወርዶ፣ አፈር ሊመለስ ሲል ጋሽ ጥላዬ በበቅሎ ደረሱ። በቅሎዋ በላብ ተነክራለች። «ወየው እህቴ!» እያሉ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወደቁ። ሰው ደግፎ ሲያነሳቸው እንዲህ አሉ፦

«ጎህ ሲቀድ አንዴ ጥርት ብሎ ሰማሁና በቅሎዬን ጫንኩ። የሞት ጥሩንባ ይደጋገማል አይደል? ሁለተኛውን ብጠብቅ ብጠብቅ ጭጭ! የእኛ ሰው አይደለም ብዬ ከመንገድ ልመለስ ነበር እኮ... ልቤ እምቢ አለኝ እንጂ።»

በቃ ሐቁ ወጣ ብዬ ጋሽ ወርቅነህን አየኋቸው። እሳቸው የበላይን ትከሻ ቸብ ቸብ እያደረጉ «ተመስገን! የዚህ ሰው ልፋት ከንቱ አልቀረም» አይሉ መሰላችሁ!

መቃብር ላይ ምን ብዬ ልጩህ? ጥርሴን ነከስኩ። ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደረሰ፣ የአንገቴ ሥር ተገተረ፣ ዓይኔ ቀላ። ጋሽ ወርቅነህ ዞር ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ነው እንጂ... አሁን ገና አዘንክ ልጄ» አሉኝ።

እኔ የሞትኩ ቀን ተንፈላስሶ የሚነፋ ሰው ፈልጉልኝ... አደራ!